የዝግጅት ትኬት ሲገዙ የማስያዣና የክፍያ ማስፈጸሚያ ወጪን የሚቀንሱበት አሠራር

«በማስታወቂያው ላይ 500 የተባለው ትኬት ልከፍል ስል ለምን 620 ሆነ? ጭማሪውን ማስቀረትስ ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ ኮንሰርት፣ ቲያትር ወይም የስፖርት ውድድር በቀረበ ቁጥር ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ ሥራውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ከጭማሪዎቹ አንዳንዶቹን ጨርሶ ማስቀረት፣ አንዳንዶቹን መቀነስ ይቻላል፤ የቀሩትን ግን ከየትም ቢገዙ ይከፍሏቸዋል። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ስለ እያንዳንዱ ክፍያ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል፦ የሚታሰበው በትኬት ነው ወይስ በአንድ ግዢ፣ የሚወስደውስ ማን ነው? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተመሠረቱት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ስለሆኑ እርስዎ በሚገዙበት ገንዘብና ዋጋ ይተኳቸው።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

- የዝግጅቱ ትክክለኛ ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና የሚካሄድበት ስፍራ
- የአዘጋጁ እንዲሁም የአዳራሹ ወይም የስታዲየሙ ይፋዊ ድረ ገጽ አድራሻ፣ የትኬት መስኮቱ ስልክና የሥራ ሰዓት
- ሊከፍሉባቸው የሚችሉ ካርዶችና ሌሎች የክፍያ መንገዶች፤ ሻጩ በሌላ አገር ያለ ከሆነ ባንክዎ በውጭ ገንዘብ ለሚፈጸም ክፍያ የሚያስከፍለው መቶኛ
- ወረቀትና እስክሪብቶ ወይም የስልክ ማስታወሻ፣ ከካልኩሌተር ጋር
- አብረውዎት የሚሄዱ ሰዎች ቁርጥ ያለ ቁጥር

የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ይታለፋል፤ ነገር ግን አብዛኛው ቁጠባ የሚገኘው ከእርሱ ነው። ስንት ሰው እንደሚሄድ ሳይታወቅ የተጀመረ ግዢ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ በሌላ ግዢ ይደገማል፤ በአንድ ግዢ የሚታሰበው ክፍያም ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ክፍያዎቹን በስማቸው ይወቋቸው

ስያሜዎቹ ከሻጭ ሻጭ ይለያያሉ፤ አሠራራቸው ግን ተመሳሳይ ነው። የአገልግሎት ክፍያ ወይም የማስያዣ ክፍያ የሚባለው በእያንዳንዱ ትኬት ላይ የሚታከል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የትኬቱን ዋጋ መቶኛ ተከትሎ ይሰላል። መጠኑ በአብዛኛው የሚወሰነው በትኬት ሻጩና በአዳራሹ መካከል ባለ ውል ነው፤ ከተሰበሰበው ገንዘብም ከፊሉ ተመልሶ ለአዳራሹ የሚሰጥበት ሁኔታ የተለመደ ነው። በመቶኛ ስለሚሰላም በሁለት መቀመጫዎች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ያሰፋዋል። የ500 እና የ800 መቀመጫዎች በ300 የሚለያዩ ይመስላሉ፤ የአገልግሎት ክፍያው 12 በመቶ ከሆነ ግን ከኪስዎ የሚወጣው ልዩነት 336 ነው።

የስፍራ ክፍያ ደግሞ ለአዳራሹ ወይም ለስታዲየሙ የሚሰበሰብ ነው። በትኬት ይታሰባል፤ በአካል ሄደው ከመስኮት ቢገዙም ብዙ ጊዜ አይቀርም። የትዕዛዝ ማስፈጸሚያ ክፍያ የሚባለው አንድ ትኬት ቢገዙም ስድስት ቢገዙም በአንድ ግዢ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው። የማድረሻ ክፍያ ትኬቱ በሚደርስዎት መንገድ፣ የካርድ ጭማሪ ደግሞ በሚከፍሉበት መንገድ ይወሰናል። ከእነዚህ ሌላ የትኬት ኢንሹራንስ፣ ልገሳ፣ የመኪና ማቆሚያና የመሳሰሉት በምርጫ የሚታከሉ ናቸው።

ሁሉም ሲደመሩ ቀላል አይደሉም። የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ በተመለከታቸው ዝግጅቶች ላይ ክፍያዎቹ በመጀመሪያ ሻጮች ዘንድ በአማካይ የትኬቱን ዋጋ 27 በመቶ፣ ሰዎች የገዙትን ትኬት መልሰው በሚሸጡበት የዳግም ሽያጭ ገበያ ደግሞ 31 በመቶ ያህል እንደነበሩ አስፍሯል።

ደረጃ 1፦ ይፋዊውን ሻጭ ከምንጩ ይለዩ

የዝግጅቱን ስም በመፈለጊያ ላይ ጽፈው መጀመሪያ የመጣውን አይጫኑ። ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው፤ ከመካከላቸውም የራሳቸው ትኬት የሌላቸውና ሰዎች የገዙትን ትኬት መልሰው የሚያሻሽጡ ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ገበያ ሻጩም ገዢውም ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ የሻጩ ድርሻ ደግሞ በተሰቀለው ዋጋ ውስጥ ተካትቶ ስለሚመጣ በመጨረሻ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ መጀመሪያ የአዘጋጁን ወይም የአዳራሹን ድረ ገጽ ይክፈቱ፤ ወደ ትኬት ሻጩ የሚወስደውን ማገናኛ ከዚያ ይከተሉ። አንድ ዝግጅት ከአንድ በላይ ይፋዊ ሻጭ ካለው ሁሉንም ይመዝግቡ፤ የትኬቱ ዋጋ አንድ ሆኖ ክፍያው የሚለያይበት ጊዜ አለና።

ደረጃ 2፦ እስከ መጨረሻው ገጽ ይሂዱ፤ ነገር ግን አይክፈሉ

የሚፈልጉትን የትኬት ቁጥርና መቀመጫ መርጠው ጠቅላላ ድምሩ እስከሚታይበት ገጽ ድረስ ይቀጥሉ። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያው ገጽ የሚታየው ዋጋ የሚከፍሉት ዋጋ ላይሆን ይችላል። በአሜሪካ ከሜይ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የዝግጅት ትኬት ሻጮች የግዴታ ክፍያዎችን ያካተተውን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ያስገድዳል፤ በብሪታንያም ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የግዴታ ክፍያን ደብቆ በየገጹ ማከል በሕግ ተከልክሏል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለባቸው አገሮች ግን ጭማሪው የሚገለጠው ካርድ በሚጠየቅበት ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ባለበትም ቢሆን በምርጫ የሚታከሉትና የማድረሻ ክፍያው በኋላ ሊመጡ ስለሚችሉ፣ የመጨረሻውን ገጽ ሳያዩ ዋጋውን አውቄዋለሁ ማለት አይቻልም።

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሰዓቱ መቀመጫው ለእርስዎ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሳይ ነው፤ ካለቀ መቀመጫው ወደ ሽያጭ ይመለሳል እንጂ ገንዘብ አይወሰድብዎትም። በፍጥነት ተሸጦ የሚያልቅ ዝግጅት ካልሆነ ቁጥሮቹን ጽፈው መውጣት ይችላሉ። በጥድፊያ የሚሸጥ ከሆነ ግን ይህን ደረጃና የሚከተለውን ቀደም ብለው በዚያው አዳራሽ በሚካሄድ ሌላ ዝግጅት ላይ ይሞክሩት። የአንድ ሻጭና የአንድ አዳራሽ ክፍያዎች ከዝግጅት ወደ ዝግጅት ተቀራራቢ ስለሚሆኑ፣ ሽያጩ በሚከፈትበት ሰዓት ምን እንደሚጠብቅዎት ከወዲሁ ያውቃሉ።

ደረጃ 3፦ ክፍያዎቹን ለያይተው ያስሉ

ይህ የሥራው ዋና ክፍል ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ዝርዝር» ወይም ተመሳሳይ ቃል ካለ ይክፈቱትና እያንዳንዱን ክፍያ ለየብቻ ይጻፉ። የትኛው በትኬት፣ የትኛው በግዢ እንደሚታሰብ ካልተገለጸ፣ የትኬቱን ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ቀይረው ይመልከቱ፤ በእጥፍ ያደገው በትኬት የሚታሰብ፣ ባለበት የቀረው ደግሞ በግዢ የሚታሰብ ነው። አራት ሰዎች የሚሄዱበትን ዝግጅት እንውሰድ፦

- የትኬት ዋጋ፦ 4 × 500 = 2000
- የአገልግሎት ክፍያ፣ 12 በመቶ፦ 4 × 60 = 240
- የስፍራ ክፍያ፦ 4 × 20 = 80
- የትዕዛዝ ማስፈጸሚያ፣ በአንድ ግዢ፦ 40
- ድምር፦ 2360

ድምሩን ለአራት ሲያካፍሉት አንዱ ትኬት 590 ይሆናል። ከሻጭ ሻጭ የሚያነጻጽሩት ይህን ቁጥር እንጂ 500ን አይደለም። አሁን ሁለተኛ ይፋዊ ሻጭ አለ እንበል፤ የትዕዛዝ ማስፈጸሚያ አይጠይቅም፤ የአገልግሎት ክፍያው ግን 18 በመቶ ነው። በእርሱ ዘንድ አንዱ ትኬት 500 ሲደመር 90 ሲደመር 20፣ በድምሩ 610 ይሆናል፤ አራቱ 2440። ለአራት ሰዎች የመጀመሪያው ሻጭ በ80 ይረክሳል። አንድ ትኬት ብቻ ለሚገዛ ሰው ግን የመጀመሪያው 620፣ ሁለተኛው 610 ስለሆነ ሁለተኛው ይሻላል። «የትኛው ሻጭ ርካሽ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ የሌለው ስለዚህ ነው፤ ስሌቱን በራስዎ የሰው ቁጥር መሥራት አለብዎት፤ ጓደኛዎ የረከሰለት ሻጭ ለእርስዎ ሊወደድ ይችላልና።

ደረጃ 4፦ በግዢ የሚታሰብ ክፍያ ካለ በአንድ ላይ ይግዙ

ከላይ ያሉት አራት ሰዎች ከመጀመሪያው ሻጭ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢገዙ 4 × 620፣ ማለትም 2480 ይከፍላሉ፤ በአንድ ላይ ሲገዙ ከሚከፍሉት በ120 ይበልጣል። ትርፉ የሚገኘው የትዕዛዝ ማስፈጸሚያውንና ካለ የማድረሻውን ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ በመክፈል ነው። ሁሉም ክፍያዎች በትኬት የሚታሰቡ ከሆኑ በአንድ ላይ መግዛት አብሮ ለመቀመጥ ይጠቅማል እንጂ ወጪ አይቀንስም።

ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ሻጩ በአንድ ግዢ የሚፈቅደውን ከፍተኛ የትኬት ቁጥር ይመልከቱ፤ ከገደቡ ያለፈ ግዢ ሊሰረዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ትኬቱ የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ከሆነ የሁሉንም ስም በመታወቂያቸው ላይ እንዳለው ጽፈው ይያዙ። ሦስተኛ፣ ትኬቱ በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ወደ ሌላ ሰው ስልክ ማስተላለፍ እንደሚቻልና ነፃ እንደሆነ ይወቁ፤ ካልተቻለ ሁላችሁም በር ላይ በአንድነት መድረስ ይኖርባችኋል። የየሰዉን ድርሻ ከመክፈልዎ በፊት ይሰብስቡ፤ ድርሻው 500 ሳይሆን 590 እንደሆነም አስቀድመው ይንገሯቸው።

ቁጥራችሁ በርካታ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ወይም የተማሪዎች ቡድን ከሆናችሁ፣ ለአዳራሹ ደውለው የቡድን ሽያጭ እንዳለ ይጠይቁ። የቡድን ሽያጭ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ስለሚስተናገድ የአገልግሎት ክፍያው ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 5፦ ወደ ትኬት መስኮቱ ይደውሉ

በኢንተርኔት የሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ በአካል ሲገዙ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም ወይም ይቀንሳል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ አንዳንድ አዳራሾች በመስኮትም ያስከፍላሉ፤ ሌሎች መስኮቱን የሚከፍቱት ዝግጅቱ ባለበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ደውለው እነዚህን ይጠይቁ፦ ለዚህ ዝግጅት ትኬት በመስኮት ይሸጣል ወይ? አንድ ትኬት ከነክፍያው በድምሩ ስንት ነው? በኢንተርኔት ያሉት መቀመጫዎች በመስኮቱም ይገኛሉ ወይ? በጥሬ ገንዘብ ነው በካርድ የሚከፈለው? «ክፍያ አለው ወይ?» ብለው ብቻ ከጠየቁ የስፍራ ክፍያው ሳይነገርዎት ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ የሚጠይቁት ድምሩን ይሁን።

ከዚያ የጉዞውን ወጪ ከቁጠባው ይቀንሱ። በምሳሌያችን በመስኮት የሚከፈለው ጭማሪ የስፍራ ክፍያው ብቻ ከሆነ አንዱ ትኬት 520፣ አራቱ 2080 ይሆናሉ፤ ከ2360 ጋር ሲነጻጸር 280 ይተርፋል። ደርሶ መልስ ትራንስፖርት 100 ከወሰደ 180 ቀረ ማለት ነው፤ መሄዱ ያዋጣል። ለአንድ ትኬት ግን ከ610 ላይ የሚተርፈው 90 ብቻ ስለሆነ ጉዞው 10 ያከስራል። በመንገድዎ ላይ ከሆነ ወይም ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል።

ቶሎ ለሚያልቅ ዝግጅት ይህን መንገድ አልመክርም። ክፍያ ለማዳን መስኮቱ እስኪከፈት ሲጠብቁ ትኬቱ ካለቀ ወደ ዳግም ሽያጭ ገበያ ይገደዳሉ፤ እዚያ የሚከፍሉት ጭማሪ ካዳኑት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ የመረከቢያውን መንገድ ይምረጡ

አንዳንድ ገጾች በፖስታ ወይም በመልእክተኛ የሚላከውን አስቀድመው መርጠው ይጠብቁዎታል። ምርጫዎቹን ሁሉ ከፍተው ይመልከቱ። በስልክ ወይም በኢሜይል የሚላከውና በዝግጅቱ ዕለት ከመስኮት የሚረከቡት ብዙ ጊዜ ነፃ ናቸው። ከመስኮት ለመረከብ ከመረጡ የከፈሉበትን ካርድና መታወቂያዎን መያዝ አለብዎት፤ ቀደም ብለውም ይድረሱ።

ደረጃ 7፦ የሚከፍሉበትን መንገድ ይመርምሩ

የመክፈያ ዘዴውን ሲቀይሩ ድምሩ ይለወጥ እንደሆነ ይሞክሩ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በብሪታንያ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ በተለመዱት የግል ሸማቾች ካርዶች ላይ ጭማሪ መጠየቅ ክልክል ነው፤ በሌሎች አገሮች ግን አንዱ ካርድ ጭማሪ ኖሮት ሌላው ወይም የባንክ ዝውውር ላይኖረው ይችላል።

ሻጩ በሌላ አገር ካለ ሁለት ነገር ይጠብቅዎታል። አንደኛው ባንክዎ በውጭ ገንዘብ ለሚፈጸም ክፍያ የሚወስደው ነው፤ 3 በመቶ ቢሆን በ2360 ላይ ወደ 71 የሚጠጋ ይጨምራል፤ በትኬቱ ገጽ ላይም አይታይም። ሁለተኛው ገጹ «በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ» ብሎ የሚያቀርብልዎት ምርጫ ነው። የሚጠቅም ይመስላል፤ ምንዛሪውን የሚተምነው ግን በክፍያው በኩል ያለው ድርጅት ስለሆነና የራሱን ትርፍ ስለሚጨምርበት ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ሁለቱን አነጻጽረው ካላረጋገጡ በስተቀር በሻጩ ገንዘብ መክፈልን ይምረጡ።

ደረጃ 8፦ ያልጠየቁትን ያስወጡ

ከመክፈልዎ በፊት ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብበው ምልክት የተደረገባቸውን ሳጥኖች ይመርምሩ። ኢንሹራንስ ከፈለጉ ሁኔታውን አንብበው ይግዙት፤ ብዙዎቹ የሚሸፍኑት በዝርዝር የተጻፉ ምክንያቶችን እንጂ ሐሳብ መለወጥን አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻጩ አስቀድሞ ምልክት ባደረገበት ሳጥን ተጨማሪ ክፍያ ማስከፈል አይችልም፤ እንዲህ ሆኖ የተወሰደን ገንዘብም ሸማቹ የማስመለስ መብት አለው።

ደረጃ 9፦ አንድ ጊዜ ይክፈሉ፤ ማስረጃውን ያስቀምጡ

የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡና ይክፈሉ። ገጹ ቢቆም ወይም ስህተት ቢያሳይ ወዲያው እንደገና አይክፈሉ፤ መጀመሪያ ኢሜይልዎን፣ ቀጥሎ በሻጩ ዘንድ ያለውን መዝገብዎን፣ ከዚያም የባንክ መልእክትዎን ይመልከቱ። ሁለት ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ ቢመለስም ቀናት ይወስዳል፤ ክፍያው ተጠናቆ ሁለት ጥንድ ትኬት ከወጣልዎት ደግሞ ሻጩ አልመልስም ሊል ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

ክፍያ እሸሻለሁ ብለው በማኅበራዊ ሚዲያ ከማያውቁት ሰው በባንክ ዝውውር ትኬት አይግዙ። አንድ የትኬት ምስል ለብዙ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ በር ላይ የሚያልፈው መጀመሪያ የደረሰው ብቻ ነው። አንዳንድ መተግበሪያዎች ደግሞ የሚታየውን ኮድ በየጊዜው ስለሚቀያይሩ በፎቶ የተላከ ትኬት ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። የራስዎን ትኬት ፎቶም ኮዱ እየታየ አይለጥፉ።

ዋጋ ለማነጻጸር ብለው አንዱን ሽያጭ በብዙ የብራውዘር መስኮት አይክፈቱ። ሥርዓቱ እንደ አውቶማቲክ ገዢ ቆጥሮ ከወረፋው ሊያስወጣዎት ይችላል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

የመጀመሪያው፣ የአንዱን ሻጭ መነሻ ዋጋ ከሌላው ጠቅላላ ድምር ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሁለቱም ድምር መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አይወስኑ። ሌላው የቅናሽ ኮድ ሲገኝ ክፍያውም አብሮ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ነው፤ ኮዱ የትኬቱን ዋጋ ቀንሶ ክፍያዎቹን እንዳሉ ሊተዋቸው ስለሚችል ካስገቡ በኋላ ስሌቱን ይድገሙ። ሦስተኛው ስህተት በኋላ ነው የሚታወቀው፦ ዝግጅቱ ሲሰረዝ የከፈሉት ሁሉ ይመለሳል ብሎ መተማመን። አንዳንድ ሻጮች የትኬቱን ዋጋ ብቻ መልሰው የማስፈጸሚያና የማድረሻ ክፍያውን ያስቀራሉ፤ ሌሎች ሁሉንም ይመልሳሉ። ዝግጅቱ ወደ ሌላ ቀን ሲዛወር ደግሞ ተመላሽ የሚጠየቅበት አጭር የጊዜ ገደብ ሊኖር ይችላል። እርስዎ በራስዎ ምክንያት ሳይሄዱ ቢቀሩ ግን በአብዛኛው ምንም አይመለስም፤ በኢንተርኔት የገዙትን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት የሚሰጠው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንኳ ቀን የተቆረጠለትን የመዝናኛ ትኬት አይመለከትም።

ከታየው በላይ ከተወሰደብዎት

በባንክ መግለጫዎ ላይ ያለው መጠን ካነሡት ፎቶ የሚበልጥ ከሆነ ልዩነቱ ከምንዛሪ ወይም ከባንክዎ ክፍያ የመጣ መሆኑን መጀመሪያ ያጣሩ። ካልሆነ ለሻጩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የግዢውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የታየውንና የተወሰደውን መጠን ጠቅሰው ፎቶውን ያያይዙ። በስልክ ብቻ የቀረበ አቤቱታ ማስረጃ አይተውልዎትም። ሻጩ ካልመለሰ ወይም ምክንያት ካልሰጠ በካርድ የከፈሉ እንደሆነ ለባንክዎ የክፍያ ክርክር ማቅረብ ይችላሉ፤ ለዚህ የጊዜ ገደብ ስላለ ዝግጅቱ እስኪያልፍ አይጠብቁ።